የአንቱታ መዘዝ

ሰው ሰድቤ ብከሰስ አይቆጨኝም ነበር። የሚያንገበግበኝ ሰው በማክበሬ መከሰሴ ነው። አዎ፣ በማክበሬ! «አንቱ» ስላልኩ ሦስት ሽማግሌ ፊት ቀርቤአለሁ፤ «አንቱ» ስላልኩ ሚስቴ ልትሆን ትንሽ የቀራትን ልጅ ላጣ ደርሻለሁ። ነገሩን ከሥሩ ላውራችሁና ፍርዱን እናንተው ስጡ። እኔ በዚህ ሰፈር ፍርድ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ቀበና መጋረጃ እሸጣለሁ። መጋረጃ እንደ ሽንኩርት በየቀኑ የሚገዛ ነገር አይደለም። ሰው መጋረጃ ትዝ የሚለው በዓል ሲደርስ፣ ልጁን ሲድር ወይም ከመስኮቱ ፊት ለፊት ፎቅ ሲሠራበት ነው። በቀረው ጊዜ በጥቅሎቹ መሀል ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ አያለሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ካሁን በኋላ የማንንም ስም መጥራት ፈርቻለሁ። ሳይ ታዲያ አፌ አያርፍም። «ተው አትግባ፣ ከበሩ ጀርባ ቆማለች!» እላለሁ። «ያንን ደብዳቤ ያኔውኑ ብታቃጥይው ምን ነበረበት?» እላለሁ። መጋረጃ ሊመርጡ ገብተው እኔን ሲሰሙ ቆይተው፣ መጋረጃውን ረስተው የሄዱ ደንበኞች አሉኝ።

ያጠፋኝ ናስር ነው። ናስር ከሱቄ አጠገብ ስልክ የሚጠግን ጓደኛዬ ነው፤ የተሰበረ ስልክ ሲያጣ የሰው ኑሮ ይፈታታል።

«ይሄን ሁሉ ለእኔ ብቻ ከምትለፈልፍ ለምን አትቀዳውም?» አለኝ አንድ ቀን። «ውጭ አገር ድራማ የሚወዱ ሰዎች ያደርጉታል እኮ። ድራማው ሲሄድ ከጎኑ እያወሩ ድምፃቸውን ይቀዳሉ። ሌላው ሰው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ የእነሱን ድምፅ በስልኩ እየሰማ አብሯቸው ያያል። ኮሜንተሪ ይባላል።»

«ኳስ ነዋ?»

«ኳስ አይደለም አልኩህ!»

ይህንኑ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ እኔም ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ አልነግራችሁም። «ማን ከማን ነው የሚጫወተው?» ያለኝ ሁሉ አለ።

ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትን፤ ስሙንም «የጎን ወሬ» አልነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የድራማው መክፈቻ ላይ የባሕሩ ምስል ሲመጣ «ሦስት ስል ድራማውን አስነሡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» እላለሁ። በቃ። ቀላል ነው አልኩ? ይቅርታ። ይህ ሕዝብ «ሦስት ስል» የሚባል ነገር አይገባውም። ግማሹ «ሁለት» ላይ ይጫናል፤ ግማሹ «ሦስት» ካልኩ በኋላ ሻዩን ቀድቶ፣ ስኳሩን አማስሎ፣ ትራሱን አደላድሎ ይጫናል። ከዚያ «ድምፅህና ምስሉ አይገጥምም» ብሎ እኔኑ ይወቅሳል። አንዷማ ጭራሽ ድራማውን ሳትከፍት፣ ልብስ እያጠበች ድምፄን ብቻ እንደምትሰማ ጻፈችልኝ። ያኔ ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

የመጀመሪያውን ቅጂ ልንሠራ የወጣነው እንጦጦ ነው። ቀበና ውስጥ ጸጥታ ፈልጎ ያገኘ ካለ ይንገረኝ፤ በዚህ በኩል ድንጋይ የሚሰብር ማሽን፣ በዚያ በኩል ወያላ። ናስር የወንድሙን መኪና ተዋሰ፤ መኪናዋ ዳገቱን እያቃሰተች አወጣችን፤ ባሕር ዛፍ ሥር ላፕቶፕ ከፍተን ተቀመጥን። ነፋሱ ቅጂውን ሲያበላሽብኝ እየጮኽኩ ማውራት ጀመርኩ። «ይኸው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም!» ስል፣ እንጨት ተሸክመው ሲያልፉ የነበሩ አንዲት እናት ሸክማቸውን አወረዱ።

«ውይ ልጄ፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«የእሜቴ ባል» አልኩ፣ ሐሳቤ ድራማው ውስጥ ባሉት እመቤት ላይ ስለነበር።

«እኔን! መቼ?»

«ክፍል ሁለት ላይ።»

አጠገባችን ተቀምጠው ከንፈራቸውን መጠጡልን። ቅጂው ላይ ከእኔ ድምፅ ይልቅ የእሳቸው «እግዜር ያጽናችሁ» ጎልቶ ይሰማል። ወረድንና ሱቄ ውስጥ ቀዳነው። መጋረጃ ድምፅ ይበላል። በጥቅሎቹ መሀል ስልኬን አቁሜ፣ በሩን ዘግቼ ሳወራ ሬዲዮ ጣቢያ የገባሁ መሰለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ጥፋት ከተባለ። ድራማው ውስጥ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ባለጸጋ እናት አሉ። (ይኸው፣ ይሄ ሁሉ ደርሶብኝ አሁንም አላቆምኩም።) ቤታቸው ውሃ ዳር ነው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። አንዲት ሴት ልጃቸውን አንድ ዓሣ አጥማጅ ወዷት፣ እሳቸው «ለዓሣ አጥማጅ ልጅ የለኝም» ብለው ስድሳ ክፍል አለፈ። የቱርክ ስማቸው ምላሴን ስላስቸገረኝ «እሜቴ» አልኳቸው። እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው «አንተ» ወይም «አንቺ» ካልኩ መልሷ ኩርኩም ነበር። በራችን ላይ የቆሙ የኔ ቢጤ ሽማግሌን «ይጠብቁ» በማለት ፈንታ «ቆይ» ያልኩ ቀን ምሳ አልበላሁም። እንዲህ ተኮትኩቶ ያደገ ምላስ ቴሌቪዥን ውስጥም ሽበት ሲያይ ይጎነበሳል። «እሜቴ ዛሬም ቁልፋቸውን አንጠልጥለው መጡ» እላለሁ። «እሜቴ ሆይ፣ ልጅዎን ለማን ሊያስቀምጧት ነው? ለሙዚየም?» እላለሁ። ስድቤ እንኳ በአንቱታ ነው።

በዚህ መሀል መርየም አለች። መርየም ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ከተዋደድን ሦስት ዓመታችን ነው። እኔም እንደ ወጉ ሽማግሌ ላክሁ። አንደኛው የከባድ መኪና ሾፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሽ አወል ናቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋዬ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ ጴንጤ ናቸው፤ ለሽምግልና ሲሆን ሰፈራችን ሃይማኖት አይለይም። ሦስተኛው ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ያለው አጎቴ ናቸው። የመርየም አባት በሕይወት የሉም። በወጉ የሚድሯት አጎቷ ቢሆኑም፣ ቃሉ ያለው እናቷ እትዬ ነፊሳ እጅ መሆኑን የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ «እናስብበትና በሁለት ሳምንት ተመለሱ» ተብለው፣ ሳምቡሳ በልተው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። እኔም ነገሩ አልቋል ብዬ መኝታ ቤቴን የምጋርድበት ጨርቅ መረጥኩ።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው መርየም «እንጦጦ ፓርክ እንገናኝ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ከተማው ከታች ወለል ብሎ ይታያል፤ እሷ ግን የምታየው ጫማዋን ነው።

«ማዘር ሰምታዋለች» አለች።

«ምኑን?»

«ኦዲዮውን። አክስቴ ከሆነ ግሩፕ ላይ አግኝታ ፎርዋርድ አደረገችላት። ማዘር ድራማ አታይም እኮ። ድምፅህን ብቻ ነው የሰማችው።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹ለሙዚየም?› አለች። ወጥ ስታማስል ‹ለሙዚየም?›፣ ሰግዳ ስትነሣ ‹ለሙዚየም?›። ሲሪየስሊ፣ ሌላ ነገር ማውራት አቁማለች።»

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። እትዬ ነፊሳም ባላቸው ሞተዋል። ቤታቸው የቀበና ወንዝ ዳር ነው። አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፤ የወደዳት ደግሞ ሀብታም አይደለም። ቁልፉስ? የዕቃ ቤታቸውን ቁልፍ በጥቁር ክር አንገታቸው ላይ ነው የሚያስሩት! አላህ ምስክሬ ነው፣ እስከዚያች ደቂቃ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ያንን ድራማ የጻፈው ሰውዬ ቀበናን በካርታ እንኳ አይቷት አያውቅ፤ እኔ በምን ዕዳዬ?

የቀጠሮው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለመልሱ ሲሄዱ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ጠያቂው ራሱ በሽምግልና ላይ እንደማይገኝ አውቃለሁ። እኔ የሄድኩት በተከሳሽነት ነው። እትዬ ነፊሳ ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ መርየም ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

«ይቀመጡ» አሉኝ።

ይቀመጡ! እኔን! ሁልጊዜ «አንተ ቀጫጫ፣ ና ቁጭ በል» ሲሉኝ የኖሩት ሴት! ትልቅ ሰው ልጁ የሚሆነውን «እርስዎ» ካለው በሩን በፊቱ ላይ ዘግቶበታል ማለት ነው። ተቀመጥኩ።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ድምፄን ከድራማው ጋር አብሮ ማሰማት። ድራማውን ከኢንተርኔት ቴሌቪዥናቸው ላይ ከፈትኩ፤ ሪሞቱን ለጋሽ አወል ሰጠሁ፤ ስልኩን እኔ ያዝኩ።

«ጋሽ አወል፣ ሦስት ስል ይጫኑ።»

«ሦስት ስትል ነው፣ ካልክ በኋላ?»

«ስል።»

«እያልክ መሀሉ ላይ?»

«ጋሽ አወል፣ ዝም ብለው ሦስት ስል!»

ሁለት ላይ ተጫኑ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፣ መቅደም ለምደዋል። ይህስ ባልከፋ፤ ወዲያው ማስታወቂያ ገባበት። ስክሪኑ ላይ ዳይፐር ያደረገ ሕፃን እየሳቀ ሲድህ፣ ከስልኬ ውስጥ የእኔ ድምፅ «እዩልኝ እስቲ ይህን ፊት! በዚህ ፊት ነው እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስፈራሩ የኖሩት!» አለ።

አጎቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ሕፃኑን አዩት። «ይሄ ነው የሚያስፈራራው?» አሉ።

ማስታወቂያው ሲያልቅ ምስሉ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ እኔ ስልኬ ውስጥ ስለ ሠርግ አወራለሁ፣ ስክሪኑ ላይ ሬሳ ይሸኛል። «ኧረ ይሄ ሁሉ ጭፈራ ምን ያደርጋል!» እላለሁ፤ ሰዎቹ ያለቅሳሉ። ጋሽ ተስፋዬ አንገታቸውን ደፉ። ላስተካክለው ስነሣ መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ጭልም አለ። ስልኬ ግን ባትሪው ሙሉ ነበር። ድምፄ ብቻውን፣ ጥርት ብሎ፣ መጋረጃ ውስጥ የተቀዳ ስለሆነ ደግሞ አንድም ኮሽታ ሳይኖርበት፣ «እሜቴ ሆይ! ያንን ቁልፍ ካንገትዎ አውርደው የልጅዎን ልብ ቢከፍቱበት ምን ነበረበት?» አለ። በላብ የራሰው ጣቴ ስክሪኑ ላይ ተንሸራተተ እንጂ አላጠፋውም። ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ወደ እትዬ ነፊሳ አንገት ዞረ። ቁልፉ እዚያው ነበር።

«እትዬ ነፊሳ» አሉ ጋሽ ተስፋዬ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ነገሩ ሲታይ እኮ ያው የፊልም ነገር ነው። ልጁ ስለ ፊልም ነው የሚያወራው።»

«ጋሽ ተስፋዬ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት» አሉ እትዬ ነፊሳ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ለፊልም ሰው አንቱ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?»

ጋሽ ተስፋዬ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ነፊሳ ቀደሟቸው።

«ንጉሥ እንኳ ፊልም ላይ ሲመጣ ‹መጣ፣ ሄደ፣ ሞተ› ነው የሚባለው። መቶ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ቢሆን ‹ይሄ ሰውዬ› ነው። ይሄ ልጅ፣ ይቅርታ፣ እሳቸው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ‹እሜቴ መጡ፣ እሜቴ ተቆጡ› ሲሉ ነው የሚሰሙት። ሰው አንቱ የሚለው የሚያውቀውን ነው። የሚያውቀውንና የሚፈራውን!»

ጋሽ አወል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። «እኔ ዜና አንባቢ እንኳ አንቱ ብዬ አላውቅም።»

ብልጭ አለብኝ። የገዛ ሽማግሌዬ! ሻይ ያጠጣኋቸው፣ በነጻ መጋረጃ የሰቀልኩላቸው!

«እናቴ እንዲህ ስላሳደገችኝ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እንግዲያው አንቺ ብዬ ብዘረጥጣቸው ኖሮ ነጻ ነበርኩ ማለት ነው?»

«አዎ» አሉ ጋሽ አወል፣ ምንም ሳያቅማሙ።

መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ ድራማውም ካቆመበት ቀጠለ። እሜቴ ስክሪኑ ላይ ሞልተው፣ ሽበታቸውን ወደ ኋላ አስይዘው ፊት ለፊት አፈጠጡብኝ።

«እስቲ አሁን አንቺ ይበሏት» አሉ እትዬ ነፊሳ።

ቀላል ነው ብዬ ተነሣሁ። ትዳሬ ነው እኮ! መርየም ከበሩ አጠገብ ሆና በዓይኗ «በላት፣ በላት» ትለኛለች። አፌን ከፈትኩ። «አን…» አልኩ። ፀጉሯን፣ ፀጉራቸውን አየሁ። «አን… አን…» አልኩ። ላቤ ወረደ። «አንቱ!» ብሎ ወጣ።

አጎቴ ብቻ ሳቁ፤ ምን እንደሰሙ አላውቅም። እትዬ ነፊሳ ሪሞቱን ከጋሽ አወል ተቀብለው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ለመልሱም ቀን ሳይቆረጥ ተነሣን።

ጋሽ ተስፋዬ እርቅ እፈጥራለሁ ብለው የባሰ ነገር ይዘው መጡ። ቢሮ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ «መልስ የመስጠት መብት» የሚባል ነገር ያውቃሉ። በተሰደቡበት ቻናል፣ በዚያው ድራማ ላይ፣ እትዬ ነፊሳም ድምፃቸውን ይቅዱ ብለው ፈረዱ። እኔም ሳልቆርጥ ሳልቀጥል እለጥፋለሁ። እሺ አልኩ። ድራማ አይተው የማያውቁ ሴት አንድ ጊዜ ተናግረው ይተዉታል ብዬ ነው።

ተዉታ! ውሸቴን ለማጋለጥ ብለው ከክፍል አንድ ጀመሩት፤ ከዚያ ማን ያስቁማቸው! መርየም ስልኩን ትይዛለች፣ እሳቸው ይናገራሉ። ዓሣ አጥማጁ ላይ ነው የተነሡት። «ይሄ ሥራ ፈት፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ያፈጣል። ሱቁን ዘግቶ ይለፈልፋል። ደረቱ ሁለት ክንድ ከስንዝር አይሞላ፣ ሰው ልጅ ስጡኝ ይላል!» ይላሉ። ዓሣ አጥማጅ የምን ሱቅ አለው? በክንድና በስንዝርስ የሚለካ መጋረጃ ነው ዓሣ? ሰው ሱቄ ድረስ መጥቶ ደረቴን አይቶ ይስቃል። የቻናሌ አድማጮች ደግሞ «ያ ለፍላፊ ይቅርና እናታችን ብቻቸውን ይሁኑልን» ብለው ይጽፋሉ። እናታችን! ለእሳቸው አንቱታው ተገቢ ሆነ!

ጋሽ አወል ጋ ሄጄ አቤት አልኩ።

«አንቱ ብለውሃል?» አሉኝ።

«አላሉኝም። ይሄ ይላሉ።»

«እንግዲያው ፊልም ነው» አሉና በሩን ዘጉት።

ወይ ነዶ! አንቱ ስል የጎረቤት ስም አጠፋሁ፤ እሳቸው አንተ ሲሉኝ ፊልም ነው። እንዲህ ዓይነት ሕግ የት አገር አለ? ተቀይሜ ድራማውን ማየት ተውኩ። ቅጂያቸውን ሳልሰማ መለጠፍ ጀመርኩ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር ሊሞላ ተቃረበ፤ የሽማግሌዎቹ መልስ ግን ወሬው የለም። መርየምን «መቼ ነው?» ስላት «ማዘር አልተናገረችም» ትለኛለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ንዴቱ ሽፋን ነው። እሷን ማጣት ነበር እንቅልፍ የነሳኝ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ቅጂ መጣ። እንደ ልማዴ ሳልሰማ ልለጥፈው ስል መርየም «መጨረሻውን ስማው» ብላ ጻፈችልኝ። ሰማሁት። እትዬ ነፊሳ ሳል ሳል እያሉ፣ ቀስ ብለው፣ «እዚህ ልጅ ላይ ብዙ ተናገርኩ» ይላሉ። «ሞኝ ነው፤ አፉም አያርፍም። አሳዳጊ ግን አልበደለውም። ይውሰዳት እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል!»

ደሜ ፈላ። ይሄ መልስ ነው ወይስ ድራማ? ሮጬ ጋሽ አወል ጋ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ ሰምተው «አንቱ አላሉህም፤ ስለ ዓሣ አጥማጁ ነው» አሉ። «በዚህ ተነሥቼ ደጃቸው ብሄድ መሳቂያ ነው የምሆነው።» በመርየም በኩል እናቷን አስጠየቅኳቸው። «‹የፊልሙን ነው ያልኩት› ብላ ሄደች» አለችኝ። በሰው ሕይወት እንዲህ ይቀለዳል? አዎንም አይደለምንም በአንድ አፍ ተናግሮ መሄድ ምን የሚሉት ትልቅ ሰውነት ነው?

ሱቄን ዘጋሁ። ጥቅሎቹ መሀል ተቀመጥኩና ከተውኩት ድራማ ያንን ቅጂ የቀዱበትን ክፍል ከፈትኩ። ባሕሩ መጣ። እትዬ ነፊሳ «ሦስት» ሲሉ ተጫንኩ፤ ምስሉና ድምፁ ልክ ገጠሙልኝ። ከመጀመሪያው እስከ ተዋንያኑ ስም ዝርዝር አየሁት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ አየሁት። ዓሣ አጥማጁ በዚያ ክፍል ውስጥ የለም።